«ሁሉንም እኩል ነው የማክመው» ለሚል ሐኪም ምን ሥልጠና ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በአንድ ሆስፒታል የሥልጠና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ተመሳሳይ ጾታ ለሚያፈቅሩና ለትራንስጀንደር ታካሚዎች ስለሚሰጥ ሕክምና የግማሽ ቀን ሥልጠና እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ሠልጣኞቹ 40 ይሆናሉ፤ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪና የካርድ ክፍል ሠራተኞች። ገና ሳይጀመር ሁለት ነገር እየሰማሁ ነው። ግማሹ «እኛ ሁሉንም እኩል ነው የምናክመው፤ ሥልጠናው ለምን?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «እምነቴ አይፈቅድም» ይላል። ከየት ልጀምር? የግድ ማወቅ ያለባቸውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁለቱ ወገን እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው። «እምነቴ አይፈቅድም» የሚል ሰው ቢያንስ ከፊቱ አንድ ነገር እንዳለ ያውቃል። ቁጭ ብለው ሊያወሩት ይችላሉ። «ሁሉንም እኩል ነው የማክመው» የሚለው ግን ልቡ ንጹሕ ነው። ልቡ ንጹሕ ስለሆነም አይጠይቅም። ሳይጠይቅ ያልፋል። ታካሚው ቢጎዳም ወሬው እሱ ዘንድ አይደርስም።

ስለዚህ በንግግር አይጀምሩ። በአንድ ታካሚ ታሪክ ይጀምሩ። እኔ ሁልጊዜ የምጠቀመው እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) የ32 ዓመት ሰው ሆዱን ክፉኛ አሞት ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። መዝገቡ ላይ «ወንድ» ይላል። ሰውየው ትራንስጀንደር መሆኑን ይናገራል፤ ሲወለድ የተመዘገበው በሴትነት ነው። ቤቱ ባደረገው የእርግዝና ምርመራ ውጤቱ ፖዘቲቭ እንደነበረም ይናገራል። የደም ግፊቱ ከፍ ብሏል። የተቀበሉት ባለሙያዎች ያዩት ግን ወፍራም፣ የግፊት መድኃኒቱን ያቋረጠ፣ ሆዱን ያመመው ወንድ ነው። አስቸኳይ አይደለም ተባለ። የእርግዝና ምርመራ ታዞለት ነበር፤ ውጤቱ የታየው ግን ከሰዓታት በኋላ ነው። ሐኪም ሲደርስ እርግዝናው ገፍቷል። እትብቱ ከሕፃኑ ቀድሞ ወርዷል። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ።

ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ትንሽ ዝም ይበሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጣል ያድርጉ። «ከእነዚህ ባለሙያዎች ውስጥ ሰውየውን የጠላው የትኛው ነው?» አዳራሹ ይፈልጋል፣ አያገኝም። የሰደበው የለም። ከበር የመለሰው የለም። ሆዱን እንዳመመው እንደ ማንኛውም ወንድ፣ እኩል አስተናገዱት። ያው ሆድ፣ ያው ግፊት ያላት ሴት ብትመጣ ኖሮ ግን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ እርግዝና ይታሰብ ነበር። «እኩል» የምትለዋ ቃል ከዚህ በኋላ እንደ ድሮዋ አትሆንም።

ወዲያው ደግሞ ሰዎቹን ከወቀሳ ነጻ ያውጧቸው። አልተማሩም፤ ይኸው ነው። በ2011 ጃማ የተባለው የሕክምና መጽሔት በአሜሪካና በካናዳ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራ ጥናት አውጥቶ ነበር። ለዚህ ርዕስ በጠቅላላው የትምህርት ዘመን የሚሰጠው ጊዜ መካከለኛ ቁጥሩ 5 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ከመለሱት ትምህርት ቤቶች ሲሶዎቹ ተማሪዎቻቸው ሆስፒታል ውስጥ በሚለማመዱባቸው ዓመታት ምንም ሰዓት እንደማይሰጡት ተናገሩ። ምንም! አንድ የልብ ድምፅ ለመለየት እንኳ ከአምስት ሰዓት በላይ ጆሯችንን አስጥተናል። ስለዚህ «አታውቁም» ብሎ መውቀስ ሳይሆን «አልተነገረንም» ብሎ አብሮ መቀመጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራዎ የወረቀት ጨዋታ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ብጣሽ ወረቀት ይስጡ። «ወንድ ወይስ ሴት እንደሚያፈቅሩ ብንጠይቃቸው ከመቶ ስንቱ ታካሚ አልናገርም ይላል?» ብለው ያስገምቱ። ከዚያ ይህን ይንገሯቸው፦ በ2017 በአሜሪካ የድንገተኛ ክፍሎች ላይ በወጣ ጥናት ከባለሙያዎቹ 78 በመቶ ያህሉ «ታካሚዎች አይነግሩንም» ብለው ነበር። ታካሚዎቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን አልናገርም ያሉት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። «ይቀየሙናል» የምንለው ፍርሃት የማን እንደሆነ ያኔ ይታያል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱ ጥፋቱን የሚጥለው በታካሚው ላይ ነው። እኔ ግን እስካሁን ካየሁት፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደብቀው እኛ በመጀመሪያው ጥያቄ በሩን ስንዘጋበት ነው። እኔም ዘግቼዋለሁ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ ሰው ፊንጢጣዬን ያመኛል ብሎ መጣ። «ሚስት አለህ?» አልኩት። የለኝም አለ። «የሴት ጓደኛስ?» የለኝም አለ። ካርዱ ላይ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት የለውም» ብዬ ጻፍኩ። የኪንታሮት ቅባት አዝዤ ሸኘሁት። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ባልደረባዬ አግኝቶት በአግባቡ ጠየቀው። ጨብጥ ነበር። ሰውየው አንድም አልዋሸኝም። ሚስትም የሴት ጓደኛም የሉትም ነበር።

እንግዲህ ከግማሽ ቀኑ ትልቁን ድርሻ ለአጠያየቅ ይስጡ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ነው። የታካሚው ማንነትና የሚያደርገው ነገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከወንድ ጋር ግንኙነት ያለው ብዙ ወንድ ራሱን በምንም ስም አይጠራም። ሚስትና ልጆችም ሊኖሩት ይችላል። ስለዚህ «ጌይ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ለአባላዘር በሽታ ምርመራ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ይህ ነው፦ «የምጠይቅዎትን ሁሉንም ታካሚ ነው የምጠይቀው፤ የትኛውን ምርመራ እንደማዝ ለማወቅ ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚያደርጉት ከወንድ፣ ከሴት ወይስ ከሁለቱም ጋር ነው? ግንኙነቱ በብልት፣ በአፍ ወይስ በፊንጢጣ?» ይህን ዐረፍተ ነገር ሠልጣኞቹ ጮክ ብለው ይበሉት። ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ሁለተኛው ላይ ፈራ ተባ ይላሉ። ሦስተኛው ላይ «የት ጋ ያምዎታል?» እንደማለት ይሆንላቸዋል። ድምፅ ሳይለወጥ፣ ዓይን ሳይሸሽ መናገር የሚመጣው በመደጋገም ብቻ ነው።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ከባዕድ ሰነድ በተቀዳ ሥልጠና ላይ አያገኙትም። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ጽሑፎች ስለ ተውላጠ ስም ብዙ ይደክማሉ። አማርኛ በዚህ ረገድ ይከብዳል፤ አንተና አንቺ ብቻ ሳይሆን ግሱ ሁሉ በጾታ ይለያል። መፍትሔውም ግን እዚያው ቋንቋው ውስጥ ተቀምጧል። «እርስዎ» ጾታ የለውም። «እሳቸው» ጾታ የለውም። «ባለቤትዎ» ወንድም ሴትም ይሆናል። «የፍቅር ጓደኛ አለዎት?» ብለው ሲጠይቁ ማንንም ከውጭ አላስቀሩም። የሰውዬው ፊትና ካርዱ ላይ ያለው ስም ሲለያይብን የምንደናገጠው ማክበሪያውን ስለረሳነው ነው። እኔ ራሴ እርስዎ ሴት ይሁኑ ወንድ ከጥያቄዎ አላወቅሁም። እስካሁን ስጽፍልዎ ግን አልተቸገርኩም።

በእርግጥ ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ «እርስዎ» ቀዝቃዛ ሊሆንበት ይችላል። ያኔ «ምን ብዬ ልጥራህ ወይስ ልጥራሽ፤ የትኛው ይመችሃል፣ ይመችሻል?» ማለት ነው። አንዴ ተጠይቆ ካርዱ ላይ በትንሹ ይጻፋል፤ በየክፍሉ አይደገምም። ከተሳሳቱ «ይቅርታ» ብለው ማስተካከልና መቀጠል ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ተሳስቶ አሥር ደቂቃ ይቅርታ ሲጠይቅ ታካሚው ተገልብጦ አጽናኝ ይሆናል። እሱም አድካሚ ነው።

ስለ ስያሜም ሁለት ቃል። «ግብረ ሰዶም» የሕክምና ቃል አይደለም። ፍርዱ ቃሉ ውስጥ አለ። ካርድ ላይ አይጻፍ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ የተደረገውን ነገር በግልጽ መጻፍ ይበቃል፤ ለምሳሌ «ከወንድ ጋር ግንኙነት አለው»። ደግሞ ኤልጂቢቲ የሚባለው አንድ ዓይነት ሰው እንዳልሆነ ያስረዱ። ሌዝቢያን፣ ጌይ እና ባይሴክሹዋል የሚሉት ማንን እንደምናፈቅር ይናገራሉ። ትራንስጀንደር የሚለው ግን ራሳችንን ማን ብለን እንደምናውቅ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሐኪም የተሳሳተ ጥያቄ ለተሳሳተ ሰው ያቀርባል።

ወደ ሕክምናው እንምጣ። እዚህ ላይ የማስተምረው አንድ ሕግ አለኝ፦ ያለውን አካል መርምር። የተጻፈውን ጾታ አይደለም፣ ያለውን አካል። ትራንስጀንደር ወንድ ማህፀኑ ካልወጣ የማህፀን በር አለው። ስለዚህ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሲስተሙ «ወንድ» ስለሚል አይጠራውም፤ ማንም ካላስታወሰው ዓመታት ያልፋሉ። ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ሕብረ ሕዋሱ ስለሚሳሳ ናሙናው በቂ ሳይሆን ሊመለስ ይችላል። ለላቦራቶሪው «ቴስቶስትሮን ይወስዳል» ተብሎ ቢጻፍለት አንባቢው የሚያየውን ነገር ይረዳዋል። ምርመራው ራሱም ለብዙዎቹ ከባድ ነው። ትንሹን መሣሪያ መጠቀም፣ እያንዳንዱን እርምጃ ቀድሞ መናገር፣ «አቁም» ሲባል ማቆም። ለማንኛዋም ሴት የሚገባው ነገር ነው እኮ።

እዚሁ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚስተው ነገር አለ። ቴስቶስትሮን የወር አበባን ሊያስቀር ይችላል፤ የእርግዝና መከላከያ ግን አይደለም። የወር አበባው የቀረ ትራንስጀንደር ወንድ ሊያረግዝ ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ ጽንስን ይጎዳል። የመጀመሪያው ታሪካችን ላይ ያለው ሰውም ወደ ሆስፒታል ሲመጣ እርግዝና ሊኖር እንደሚችል ራሱ ተናግሮ ነበር። የሰማው ነው የጠፋው።

ትራንስጀንደር ሴትም፣ ማለትም ስትወለድ በወንድነት የተመዘገበች፣ ቀዶ ጥገና ብታደርግ እንኳ የፕሮስቴት ዕጢዋ ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው። ሆርሞኗ ደግሞ ፒኤስኤ የሚባለውን የፕሮስቴት የደም ምርመራ ዝቅ ያደርገዋል። «ኖርማል» የተባለው ቁጥር ለእሷ ኖርማል ላይሆን ይችላል። ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የምትወስድ ከሆነ የደም መርጋት ይታሰብ፤ እግር ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ በተለይ። የኤስትሮጅኑ ዓይነትም ለውጥ አለው። ኤቲኒል ኤስትራዲዮል የሚባለው፣ በእርግዝና መከላከያ እንክብል ውስጥ የሚገኘው፣ ለዚህ ዓላማ አይመከርም፤ የመርጋት አደጋው ከፍ ይላል። ሐኪም የምትፈራ ሴት ግን ከጓደኛ የምታገኘው ብዙ ጊዜ እሱኑ ነው። ስለዚህ «ምን ትወስጃለሽ?» ብቻ ሳይሆን «ከየት ታገኚዋለሽ?» ማለት ያስፈልጋል። ያለ ቁጣ።

የላቦራቶሪ ሰዎችን ጠርተው እንዲሁ እንዳያስቀምጧቸው። የሄሞግሎቢንና (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው) የክሪያቲኒን ኖርማል መጠን በጾታ የተከፈለ ነው። ቴስቶስትሮን ለወራት የወሰደ ሰው ሄሞግሎቢኑ ወደ ወንዶቹ መጠን ይወጣል። ቅጹ «ሴት» ካለ ውጤቱ በቀይ ይመጣል፤ ሐኪሙም ደሙ በዛ ብሎ ይደነግጣል። ተቃራኒውም አለ፤ የደም ማነስ ተደብቆ ያልፋል። ይህ ክርክር የለውም፣ ሂሳብ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከሁሉም በፊት የሚገባቸው።

ሴት ከምታፈቅር ሴት ጋር በተያያዘ ደግሞ ሐኪሞች ራሳቸው ያሰራጩት ስሕተት አለ። «አንቺ የማህፀን በር ምርመራ አያስፈልግሽም» ይላሉ። ያስፈልጋታል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ በቆዳ ንክኪ ይተላለፋል፤ በሴትና ሴት መካከልም ይተላለፋል። ከእነሱም ብዙዎቹ በሕይወታቸው ከወንድ ጋር ግንኙነት ኖሯቸዋል። በሌላ ጽንፍ ደግሞ ያለች ሐኪም አለች፦ «የእርግዝና መከላከያ ለምን አትወስጂም?» እያለች ሦስት ጊዜ የምትጠይቅ፣ አራተኛው ላይ ታካሚዋ ተስፋ ቆርጣ እንክብሉን ተቀብላ የምትወጣ።

ከወንድ ጋር ግንኙነት ላላቸው ወንዶች የሽንት ናሙና ብቻ ወስዶ «ነጻ ነህ» ማለት አይቻልም። ጨብጥና ክላሚዲያ ጉሮሮና ፊንጢጣ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ምንም ምልክት አያሳዩም። ከጉሮሮና ከፊንጢጣ ካልተወሰደ ብዙው ያመልጣል። ታካሚው ራሱ ሊወስደው ይችላል፤ ባለሙያ ከወሰደው ጋር የሚመጣጠን ውጤት ይሰጣል፣ ኀፍረቱንም ይቀንሳል። የቂጥኝ ምርመራ፣ የሄፓታይተስ ኤ እና ቢ ክትባት፣ ለወጣቶቹ የኤችፒቪ ክትባት። ስለ ፕሬፕም ይናገሩ፤ ኤችአይቪ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ የሚወስደው መድኃኒት ነው፤ በአሜሪካ ከ2012 ጀምሮ ተፈቅዷል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን በደንብ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ በግንኙነት አያስተላልፍም። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት አንደኛው ወገን ኤችአይቪ ያለበት 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሏል። ያለ ኮንዶም ግንኙነት ነበራቸው። ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የተላለፈ ቫይረስ ዜሮ ነበር። ይህን ቁጥር ሰምተው የማያውቁ ባለሙያዎች ዛሬም ጓንት ደርበው ያጠልቃሉ።

ይህን ሁሉ ካስተማሩ በኋላ ተቃራኒውን አደጋም ያስጠንቅቁ። ክንዱ የተሰበረ ትራንስጀንደር ሰው መጥቶ ሐኪሙ ስለ ሆርሞኑ ግማሽ ሰዓት ይጠይቀዋል። ክንዱ ይጠብቃል። ራስ ምታቱም፣ ሳሉም፣ ድካሙም በሆርሞን ይላከካል። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ኑ እዩ» ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ሰው ልብስ አስወልቆ ተማሪ መጥራት። መለኪያው ቀላል ነው። ጥያቄው የዛሬውን ሕክምና ካልለወጠ አይጠየቅም።

የአእምሮ ጤናውን በአጭሩ ልለፈው፤ ራሱን የቻለ ቀን ስለሚፈልግ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ተመሳሳይ ጾታ ማፍቀርን ከሕመሞች ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 1990 አወጣው። ትራንስጀንደር መሆንም ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ወጥቶ በአዲሱ፣ በ11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ወደ ጾታዊ ጤና ምዕራፍ ተዛወረ፤ ይህ ዝርዝር በ2019 ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ ዋለ። የመንፈስ ጭንቀቱና ራስን የማጥፋት ሐሳቡ በእነዚህ ሰዎች ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ለምንድን ነው ከተባለ፣ ተመራማሪው ኢላን ማየር በ2003 ያብራሩት የአናሳነት ጭንቀት የሚባለው ሐሳብ ጥሩ መነሻ ነው። መደበቅ፣ መጠበቅ፣ «ዛሬ ይታወቅብኝ ይሆን?» ብሎ ማደር ሰውነትን ይበላል።

አንድ ነገር ግን ሳይነሳ አይቀርም። ወላጅ ልጁን እጁን ይዞ ያመጣና «ቀይሩልኝ» ይላል። ሠልጣኞችዎ ለዚህ መልስ ይዘው ይውጡ። እንዲህ ያለ ሕክምና የለም። የዓለም የሕክምና ማኅበር በ2013 አውግዞታል፤ የፓን አሜሪካ ጤና ድርጅትም ከዚያ በፊት፣ በ2012፣ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለውና ጎጂ መሆኑን ተናግሯል። ወላጁን ግን አይገላምጡት። የፈራ ሰው ነው። መጀመሪያ ልጁን ለብቻው ማነጋገር፣ ራሱን ለመጉዳት ያስብ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ። ከዚያ ወላጁን ማስቀመጥና «ልጅዎ በሕይወት እንዲቆይ የሚረዳው የእርስዎ ፊት ነው» ማለት። ልጁ የነገረንን ግን ለወላጁ አሳልፎ መስጠት የለም። የሕይወት አደጋ ካለ ስለ አደጋው እንናገራለን እንጂ ማንን እንደሚያፈቅር አናወራም።

አሁን «እምነቴ አይፈቅድም» ወደሚሉት። ምክሬ አንድ ነው፤ እምነታቸውን አይንኩ። አይከራከሩ፣ ጥቅስ በጥቅስ አይመልሱ። በግማሽ ቀን የማንንም እምነት አይለውጡም፣ ደግሞም ሥራዎ አይደለም። ሥራዎ እጅና አፍ ነው። ሐኪም ሰክሮ ሰው የገጨን ሾፌር ይሰፋል። እስረኛ ያክማል። የቆሰለ ጠላት ያክማል። ያንን ሲያደርግ ስካሩንም ወንጀሉንም ጦርነቱንም ደገፈ አይባልም። የዓለም የሕክምና ማኅበር በ1948 ያወጣው የጄኔቫ ቃለ መሐላ አሁን ባለው ጽሑፉ፣ በሐኪምና በታካሚ መካከል እንዳይገቡ ከዘረዘራቸው ነገሮች ውስጥ ሃይማኖትም፣ ዘርም፣ ፖለቲካም፣ ጾታዊ ዝንባሌም በስም ተጠቅሰዋል። በአንድ መስመር ላይ ናቸው። የእምነቱ ሰው በዚያው መስመር እሱም እንደሚጠበቅ ሲያይ ትንሽ ይለዝባል።

ካስፈለገ የሮበርት ኢድስን ታሪክ ይንገሩ። አሜሪካዊ ትራንስጀንደር ወንድ ነበሩ። የኦቫሪ ካንሰር ያዛቸው። ከ20 የሚበልጡ ሐኪሞች አናክምም አሏቸው። አንዳንዶቹ ሌሎች ታካሚዎቼ ይከፋቸዋል ብለው ነበር። የሚያክም ሲገኝ ካንሰሩ ተሰራጭቷል። በ1999 ሞቱ። ከዚያ ሐኪሞቹ ምን ያምኑ እንደነበር አይጠይቁ። «አንዱ ቢቀበላቸው ኖሮ ምን ያጣ ነበር?» ይበሉ።

መስመሩን ግን በግልጽ ያስምሩ። ታካሚን መስበክ የለም። ማሾፍ የለም። ድንገተኛን መመለስ የለም። ፊትን ማጨማደድም ይቆጠራል፤ ሰዎቹ ፊት ማንበብ ከልጅነታቸው ለምደዋል። ይህን ሁሉ ሰምቶ «አልችልም» የሚል ካለ ጉዳዩ ከሥልጠና ክፍል ወጥቶ ወደ አስተዳደር ሄዷል። የእርስዎ ሸክም አይደለም።

የካርድ ክፍል ሠራተኞችን መጥራትዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ቦታ ይረሳሉ። ሐኪሙ ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ መቀበያው ላይ «አቶ እገሌ!» ተብሎ ተጠርቶ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትነሳ አዳራሹ ሁሉ ከዞረ፣ ታካሚዋ ሐኪሙ ዘንድ ሳትደርስ ትወጣለች። በቁጥር መጥራት ይህን ሁሉ ይፈታል። ወጪውም ምንም ነው። ሁለተኛው የካርድ ክፍል ጉዳይ ምስጢር ነው። ተመሳሳይ ጾታ ማፍቀር በሕግ በሚያስቀጣበት አገር መዝገብ ላይ የሰፈረች አንዲት መስመር ሰውን ልታሳስር ትችላለች። በማያስቀጣበትም ከሥራ፣ ከቤት ልታስወጣ ትችላለች። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት «ይህን ካርድዎ ላይ ልጻፈው? እነ እገሌ ሊያዩት ይችላሉ» ማለት ይለመድ። ለምርመራው የማያስፈልግ ነገር አይጻፍ። ምሳ ላይ የሚወራ «ዛሬ ማን መጣ መሰላችሁ» ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሆስፒታላችሁ ስለ ራሱ የማይሰማውን ነገር ታካሚዎቹ እርስ በርሳቸው ያወራሉ። «እዚያ አትሂድ» ከተባለ አለቀ፤ የሚመጣ የለም። እናንተም «እኛ ጋ እንደነሱ ያለ ሰው የለም» ትላላችሁ።

ሌላም አለ። ከ40ዎቹ ሠልጣኞች መካከል ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ይኖራሉ ብለው ያስቡ። ወንድሙ፣ እህቷ የሆነም ይኖራል። ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ቀልድ ሲወረወር ከሌላው ጋር ፈገግ ይላሉ። ስለዚህ ቀልዱን በመጀመሪያው ደቂቃ ያቁሙት። «ከመካከላችን ማን አለ?» የሚል ጨዋታም አያጫውቱ። ታካሚ ጋብዘው ታሪኩን እንዲናገር ማድረግ ጠቃሚ ነው፤ ግን ሰውየው ራሱ ከፈለገና ከዚያ ሲወጣ ምንም እንደማይደርስበት እርግጠኛ ሲሆኑ ብቻ። አለበለዚያ አንዱ ባልደረባ ታካሚ ሆኖ ይተውን፣ አንዱ ይጠይቅ፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ይመልከት፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ከንግግርዎ የበለጠ ይህ ይቀራል።

አለቆቹንም ያስገቡ። ይህን ስል ለወጉ አይደለም። በ2017 በታተመ ጥናት በአሜሪካ 3,492 የሕክምና ተማሪዎች ተመርቀው እስኪወጡ ድረስ አመለካከታቸው ታይቶ ነበር። መምህሮቻቸው አድልዎ ሲያደርጉ ያዩት ተማሪዎች ሲወጡ ስውር ጥላቻቸው የበዛ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በቅርብ የሠሩት ደግሞ ያነሰ። እርስዎ ግማሽ ቀን ያስተማሩትን አንድ ሲኒየር ሐኪም ዙር ላይ በአንዲት ሳቅ ያፈርሰዋል።

ሲያልቅ የእርካታ መጠይቅ አይበትኑ። ሁሉም «በጣም ጥሩ» ይላል፤ ምሳ ደርሶበታል። ይልቅ ሦስት ወር ይቆዩና ላቦራቶሪ ወርደው ስንት የጉሮሮና የፊንጢጣ ናሙና እንደደረሳቸው ይጠይቁ። ካርድ ክፍል ሄደው ሃያ ካርድ ያስወጡና ስንቱ ላይ «ከወንድ፣ ከሴት ወይስ ከሁለቱም» የሚለው እንደተሞላ ይቁጠሩ። ዜሮ ካገኙ ሥልጠናውን ይድገሙት፤ በዚያኛው ዙር ግን ንግግሩን ሁሉ ትተው ሦስት ሰዓቱን በሙሉ ያቺን ጥያቄ ጮክ ብለው ሲሏት ያውሏቸው።